ጉዴን ያወጣችው ጠርሙስ

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። እንዲህ ማለቴ ለጉራ እንዳይመስላችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ይህችው ቀኝ እጄ እንኳን እስክሪብቶ ልትይዝ፣ ማንኪያ ከሳህን እስከ አፌ አታደርስም ነበር። አሁን ፊደሎቼ ትንሽ ያዘነብላሉ እንጂ ከመስመር አይወጡም። ትምህርቴ በደብራችን የኔታ ዘንድ ዳዊት እስከ መድገም ነው፤ የሐኪም ቃል ሲያጥረኝ ወይም ሳጣምም ይቅር በሉኝ። ደስታዬ ግን አላጠረኝም። መጨረሻውን ቀድሜ እንዳልዘረግፈው አፌን ይዤ ከመጀመሪያው ልነሣ።

አገሬ መንዝ ነው፤ ከሞላሌ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ገብስ አርሳለሁ፣ በግ አረባለሁ። ሥራህ ምንድን ነው ላለኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ እውነት አልነበረም። እሱን ስደርስበት አወጣዋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ከአፌ ነው። በኅዳር፣ ውርጩ ገብሱን ሲያነጣው፣ ምራቄ መዳብ መዳብ ይለኝ ጀመር፤ የድሮ ሳንቲም ከምላሴ ሥር የተቀመጠ ይመስል። ድዴ አበጠ፣ ሲነካ ይደማል። ባለቤቴን ዘነቡን ሽሮው ውስጥ ምን ጨመርሽበት እያልኩ አስቸግራታለሁ፤ እሷ ያው የዱሮው ሽሮ ነው ትለኛለች። ቀጥሎ አመሌ ተለወጠ። በዕድሜዬ ሰው ላይ ጮኼ የማላውቀው ሰውዬ በሩ ለምን ገርበብ አለ ብዬ የምቆጣ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጓዳ ገብቼ የምደበቅ ሆንኩ። የበጎቼን መልክ እንደ ልጆቼ የማውቅ ሰው፣ የማን በግ ነች ብዬ የራሴን ጠቦት ከደጄ አባረርኩ።

መንቀጥቀጡ የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። የማኅበራችን ተራ ከጎረቤቴ ከሽፈራው ቤት ነበር። ጽዋውን ተቀብዬ ሳነሣ ጠላው ግራና ቀኝ ተረጨ፤ ግማሹ በራሱ በሽፈራው ላይ። ሽፈራው ቀልደኛ ነው። ፊቱን በጋቢው እየጠረገ፣ "ተመስገን፣ ዘንድሮስ ጠበሉ ከቤቴ ድረስ መጣልኝ" አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እጄን ግን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኳት፣ ከዚያም ወዲያ ሰው ፊት አላወጣኋትም።

ሞላሌ ያለው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ፤ የሚመጠጥ ነጭ ኪኒን ሰጠኝ። ሌላው ጥርስህ ነው ብሎ ሁለት ደኅና ጥርስ ነቀለኝ፤ እስከ ዛሬ ቆሎ ስበላ አስታውሰዋለሁ። ደብረ ብርሃን ወረድኩ። እዚያ ረጅም አግዳሚ ላይ ከማለዳ እስከ ቀትር ተቀምጠን ስንጠብቅ አንዲት የማላውቃት ሴት ሻይ ገዝታ አመጣችልኝ። ብርጭቆው በእጄ ሲንገጫገጭ አየችና ከእጄ ወስዳ፣ አፌ ላይ አስጠግታ እስኪያልቅ አጠጣችኝ። ስሟን አልጠየቅኩም። በዚያ ዘመን ከቀመስኩት መድኃኒት ሁሉ የሠራልኝ ያ ሻይ ነው።

የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ቀጥ ብዬ እንድሄድ፣ አፍንጫዬን በጣቴ እንድነካ አደረገኝ። ከዚያ በትሕትና ነገረኝ። ይህ በስተእርጅና የሚመጣ የነርቭ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም፣ እየባሰ መሄዱም አይቀርም አለኝ። ኪኒኑን ዋጥኩ። ራሴን አዞረኝ፤ እጄ ግን ያው ናት።

ከዚያ ጠበል ገባሁ፤ አንድ ገዳም ሁለት ሱባዔ ቆየሁ። በዐሥረኛው ቀን የራሴን ጣሳ ራሴ ያዝኩ። ሱባዔዬን ስጨርስ የአፌ መዳብ ጠፋ። እያመሰገንኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየሳምኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ወር ሳይሞላኝ ሁሉም መጣ፤ ከበፊቱም ባሰ። ሽፈራው ቤትህ ነው የጠላህ አለኝ። ዘነቡ ግን አልቀለደችም። እሳት ዳር ተቀምጣ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አንቱ፣ እዚያ የሌለ፣ እዚህ ያለ ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ስለገባኝም ጮህኩባት።

እንግዲህ እውነቱን ላውጣው። እኔ ወርቅ ቀቢ ነኝ።

ሙያውን የተማርኩት ከእናቴ ወንድም ነው። የቤተ ክርስቲያን መስቀል ከመዳብ ይሠራና ወርቅ ይለብሳል። ወርቁን በስሱ ቀጥቅጠህ ባዜቃ ውስጥ ትጨምረዋለህ፤ ባዜቃ ያ እንደ ቀለጠ ብር የሚንከባለለው፣ እጅ የማያረጥበው ፈሳሽ ብረት ነው። ወርቁን ይበላዋል፤ ሁለቱ ተዋሕደው እንደ ቅቤ ይለሰልሳሉ። ያንን መዳቡ ላይ ትቀባና ፍም ላይ ታሞቀዋለህ። ባዜቃው ተኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ተጣብቆ ይቀራል። እንዴት ያለ ውብ ሥራ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ ግራጫው ነገር ዐይንህ እያየው ፀሐይ ይሆናል።

ግን በእኛ አገር ብረት የሚነካ ሰው ቡዳ ይባላል። ልጁን የሚያገባለት ያጣል፣ ሰው ልጁን ከዐይኑ ይሸሽግበታል። ስለዚህ ሙያዬን የሚያውቁት ዘነቡና የደብራችን ገበዝ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ የሚጠብቁት ቄስ፣ ብቻ ነበሩ። መስቀሉ በገብስ ጆንያ ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል፣ በገብስ ጆንያ ውስጥ ተቀብሮ ይመለሳል። ለሕዝቡ አዲስ አበባ ተልኮ ነበር ይባላል። መስቀሉ ሲወጣ ሽፈራው አጠገቤ ቆሞ የዚያን አዲስ አበቤ እጅ ይባርክ ይላል፤ እኔም አሜን እላለሁ።

አርባ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ከገደሉ ሥር ባለ ዋሻ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት ነው። ጉልበቴ ሲደክም ሥራውን ወደ ጓዳዬ አስገባሁት። ለብርዱም፣ ለሰው ዐይንም ብዬ በሩን ዘጋሁ፣ ስንጥቁን ሁሉ በባና፣ በዚያ በበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን፣ ወተፍኩ። አጎቴ ባዜቃ እየነካ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ እኔን ምን ሊያደርገኝ? እንዲህ ነበር የማስበው። ያን ሰሞን ደግሞ ገበዙ የደብሩን ትልቁን የጥምቀት መስቀል ሰጥተውኝ፣ አንደኛውን ፊቱን ጨርሼ ሁለተኛው ሳይጀመር እጄ እምቢ አለች።

አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ አስናቀች መጥታ ወሰደችኝ። እዚያ ያየኝ ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ግን አይቸኩልም። ወረቀት ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠመዘዝ መስመር እንድሥል ሰጠኝ፤ የኔ መስመር ዶሮ የሮጠችበት አመድ መሰለ። ድዴን በባትሪ አየው። ጠበል ሄጄ እንደተሻለኝ ሌሎቹ ሐኪሞች ሲሰሙ ፈገግ ነበር የሚሉት፤ እሱ ግን ጻፈው። ሥራዬን ጠየቀኝ። ገብስና በግ አልኩት። ፀረ ተባይ ይረጫሉ ወይ አለኝ፤ አልረጭም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። በሰውነትዎ ውስጥ መርዝ ካለ ላቦራቶሪ ይለካዋል አለኝ፤ ከተገኘ የሚወጣበት መንገድ አለ፣ ካልተገኘ ግን የደብረ ብርሃኑ ሐኪም እንዳሉት እርጅናው ነው፣ አብረነው እንኖራለን። የእጄ ዕድል በዚያች ልኬት ላይ ተንጠለጠለች።

ከላቦራቶሪው አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሰጡኝ። በአሲድ ታጥቦ የደረቀ ነው፤ ከአንድ ጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት ያለው ሽንቴ በሙሉ እዚያ ይግባ ተባለ። እንዲህ ያለው ለምርመራ የሚሰጥ ነገር ናሙና ይባላል። አስናቀች ቤት ሆኜ ልሰበስበው ስችል፣ እንደኔ ያለ የመንዝ ሽማግሌ በአማቹ ቤት ሽንቱን በጠርሙስ ይዞ ይዞራል? ልሙት እንጂ! የበግ ጉዳይ አለብኝ ብዬ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩና አገሬ ገባሁ።

ጠርሙሷን የት ላስቀምጥ? ዘነቡን የሚጠይቅ እንግዳ እንዳያያት፣ ቁልፉ ከአንገቴ ከማይለየው ሳጥኔ ውስጥ ከተትኳት። ባዜቃዬን ከማስቀምጥበት ቀንድ አጠገብ። እየከፈትኩ፣ እየሞላሁ፣ እየዘጋሁ አንድ ቀን ዋልኩ። ሲሞላ በበርኖሴ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ ማር ነው ቅቤ ብሎ ጠየቀኝ። የቤት ምርት ነው አልኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ላቦራቶሪው ራሱ ጠራኝ። የምትለካው ልጅ ትዕግሥት ትባላለች፤ ነጭ ካባ የለበሰች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። እኔንና አስናቀችን አስቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ገለበጠችው።

"አባቴ" አለችኝ፣ "ናሙናዎ ውስጥ ባዜቃ አለ። ግን በጣም ብዙ ነው፤ መሣሪያዬ አንብቦ አልጨርሰውም አለኝ፣ ብዙ ጊዜ በውሃ ማቅጠን ነበረብኝ። ይህን ያህል በሰውነቱ ያለበት ሰው በእግሩ እዚህ አይመጣም። ስለተጠራጠርኩ ጠርሙሱን በውጭ በኩል በእርጥብ ጥጥ ጠርጌ ጥጡን ለካሁት። እሱም ባዜቃ አለበት።"

ጋቢዬን እጄ ላይ ሰበሰብኩ።

"ይህን ቁጥር ለሐኪሙ ብልክ ውሸት ነው፤ ብጥለው ደግሞ ምናልባት ውስጡ ያለውን እውነት አብሬ ልጥል ነው። ይህቺ ጠርሙስ የት ነበረች?"

አያችሁ፣ አርባ ዓመት የደበቅኩትን ነገር ሐኪሙ አላወጣውም፣ ጎረቤት አላወጣውም፣ ሚስቴ እንኳ አልደፈረችም፤ ጠርሙሷ መሰከረችብኝ። አንድ ቃል ብዋሽ ልጅቷ ናሙናውን ትደፋዋለች፣ እኔም የሚንቀጠቀጥ እጄን ይዤ እስከ መቃብር እሄዳለሁ። አስናቀች አጠገቤ ናት። ባሏ ደኅና ቤተሰብ ነው፤ ይህ ቢሰማ ምን ይላል? ወለሉን እያየሁ፣ "ከሳጥኔ ውስጥ ነበረች። ከባዜቃዬ ጋር። መስቀል ወርቅ የምቀባ ሰው ነኝ" አልኩ።

አስናቀች ፊቷን ወደኔ አዞረች። ከዚያ፣ "የሠርጌ ቀን ቄሱ ያሳለሙኝ መስቀልስ?" አለች።

"እሱንም።"

እጄን ከጋቢዬ ውስጥ አወጣቻት። ከነመንቀጥቀጧ ሳመቻት።

ትዕግሥት ደግሞ አፍራ ዞር የምትል መስሎኝ ነበር፤ ወንበሯን ወደኔ ሳበች እንጂ። በዋሻው እንዴት እንደምሠራ፣ ጓዳው እንዴት እንደተዘጋ፣ ፍሙ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ባዜቃው በእሳት ሲተን ጭሱን የሚውጠው ሳንባዬ መሆኑን፣ ጓዳውም ሲዘጋ መውጫ እንደሌለው ነገረችኝ። ቀጥላ ያሳየችኝን ነገር እስክሞት አልረሳውም። በመስተዋቱ በኩል መሣሪያዋን አሳየችኝ። ናሙናው በአሲድ ይበላል፤ ከዚያ አንድ ቅመም ይጨመርበትና ውስጡ ያለው ባዜቃ ያለ እሳት፣ በቀዝቃዛው ይተናል። ትነቱ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ከወዲህ ብርሃን ይበራበታል፣ ከወዲያ መሣሪያው ያያል። ባዜቃ ካለ ብርሃኑ ይደበዝዛል። የደበዘዘው በተለካ መጠን ባዜቃው ይታወቃል።

ዘልዬ ተነሣሁ! ይህ የኔው ሥራ ነው! እኔ በፍም አተነዋለሁ፣ እሷ በቅመም ታተነዋለች። እኔ ባዜቃውን ጥዬ የቀረውን ወርቅ እይዛለሁ፤ እሷ እኔ የምጥለውን ትይዛለች። ምን ያህል ትንሽ ቢሆን ታያለሽ አልኳት። አንዲት ግራም ሚሊዮን ቦታ ከፍለን ከአንዷ ክፋይ በታች አለችኝ። ዘመኔን ሙሉ የወርቅ ፍንጣሪ በላባ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጠንቃቃ ሰው ሳይ አውቃለሁ። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው፦ ከኔ ናሙና በፊት ምንም የሌለበት ንጹሕ ውሃ ትለካለች። ለምን ብላት፣ "ጠርሙሱና እጄ ራሳቸው የሚሉት ነገር እንዳለ ቀድሜ ለመስማት" አለችኝ።

ዳግመኛ ናሙና ታዘዘ። ገላዬን ታጥቤ፣ ልብሴን ሁሉ ለውጬ፣ በዚያው በአማቼ በበላይ ቤት እንድሰበስበው ሆነ። በላይ ሁሉንም ሰምቷል። ፊቴን ሸሽጌ ስቀመጥ ጠርሙሷን ራሱ አምጥቶ ሰጠኝና፣ "አባባ፣ የልጅ ልጅዎን ሽንት ሁለት ዓመት ስጠርግ ኖሬ የእርስዎን ልጠየፍ ነው?" አለኝ። ጠዋት ላይ ይዞልኝ የሄደውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ፣ ግን ከጤነኛ ሰው እጅግ የበለጠ ሆነ። እውነተኛው ቁጥር ያ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ እርጅና አይደለም ሲለኝ አለቀስኩ። ሰው መርዝ ተገኘብህ ተብሎ በደስታ ሲያለቅስ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል።

ባዜቃውን ከሰውነት እየያዘ በሽንት የሚያወጣ መድኃኒት አለ፤ በሐኪም እጅ፣ እየተለካ የሚሰጥ ነው እንጂ ከገበያ የሚገዙት አይደለም። ከመድኃኒቱ የሚበልጠው ግን ከባዜቃው መራቅ ነው ተባልኩ። ጠበል ሄጄ የተሻለኝ ምሥጢሩ አንዱ እሱ ነው፤ ሐኪሙ እንዲህ ሲለኝ፣ "እግዜርም ከጓዳህ ውጣ ብሎ ነው የጠራኝ" አልኩት፤ አልተከራከረኝም። ዘነቡም ከአገር መጥታ ሽንቷ ተለካ፤ እሷም ላይ ትንሽ ተገኘ። ያን ቀን ነው በእውነት የደነገጥኩት። እዚያ የሌለ እዚህ ያለ ምንድን ነው ያለችኝን አስታውሼ ይቅር በይኝ አልኳት። "አንቱ ብቻ ይዳኑ፣ እኔ መጮሁንም ለምጄዋለሁ" አለችኝ።

ባለሙያ እንደነገረን ጓዳውን አልጠረግነውም፤ መጥረጊያ ይበትነዋል። የወለሉ አፈር በእርጥቡ ተቆፍሮ፣ ከሳጥኔና ከቀንዱ ጋር ታሽጎ ተወሰደ። ሦስት ወር በአስናቀች ቤት ተቀመጥን። ለልኬት በሄድኩ ቁጥር ትዕግሥት ብርሃኑ ዛሬ ትንሽ ነው የደበዘዘ ትለኛለች፣ እኔም ቤት እስክደርስ አላስችል ብሎኝ መንገድ ላይ ለማገኘው ሁሉ እነግራለሁ። መጀመሪያ የአፌ መዳብ ለቀቀኝ፣ ከዚያ እንቅልፌ መጣ፣ ከዚያ አመሌ። እጄ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው።

አገሬ ስመለስ ማኅበሩ በኔው ቤት ነበር። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ተነሥቼ ሙያዬንም በሽታዬንም ነገርኳቸው። አንድ ሰው በትሩን አንሥቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ሰላም አይለኝም። ሽፈራው ግን፣ "እና አርባ ዓመት ሙሉ ያንን አዲስ አበቤ ስመርቅ ኖሬአለሁ። ምርቃቴ ለካ አጥር ዘሎ ጎረቤት ሲገባ ነበር!" አለ። ከዚያ ጽዋውን ሞልቶ፣ እስከ አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ሰጠኝ። ያዝኩት፣ ጠጣሁት። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። እሱም ጋቢውን ወደ ኋላ ሰብስቦ ሲጠብቅ ነበርና፣ ባዶ ጽዋውን ተቀብሎ ጋቢውን ለቀቀ።

ያ የጥምቀት መስቀል እንዲሁ ቀረ። ሌላ ቀቢ እንፈልግ ሲባል ገበዙ እምቢ አሉ። ዘንድሮም አንድ ፊቱ ወርቅ፣ አንድ ፊቱ ቀይ መዳብ ሆኖ ወጣ። የማያውቅ ሰው ለምን ግማሽ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ እኔ ዘንድ ይልኩታል፤ እኔም ይኸው ለእናንተ እንደነገርኩት እነግረዋለሁ።

በቅርቡ ከመርሐቤቴ አንድ ጎልማሳ መጣ። ስለ መስቀሉ ሰምቼ ነው አለ። ሥራው ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ጤፍና ማሽላ ነው አለኝ። ዘነቡ ያቀረበችለትን ጠላ አልነካም። ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ነበረች።

ትዕግሥት ለእንዲህ ያለ ቀን ብላ ከሰጠችኝ ንጹሕ ጠርሙሶች አንዷን አምጥቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ከዕቃህ አጠገብ እንዳታስቀምጣት" አልኩት። "ትናገራለች።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን አወጣት።